ድመቷ፣ ጤና አዳሙና ነፍሰ ጡሯ

አዲስ የተኮተኮተ፣ ለስለስ ያለ አፈር ለእኛ የጎመን መደብ ነው፤ ለድመት ግን መፀዳጃ ነው። ይህን ከተረዳን ከእሷ ጋር የምንጣላበት ነገር በግማሽ ይቀንሳል። እኔ ሰበታ ያለችኝ በረንዳ ሁለት ሜትር በሦስት ብትሆን ነው። አናቱ በተቆረጠ ጀሪካን ጎመንና ሰላጣ፣ በአሮጌ የመኪና ጎማ ጤና አዳም፣ በቀለም ቆርቆሮ በሶብላና ቃሪያ ተክያለሁ። ድመቴ ውሮ ችግኝ በተከልኩ ቁጥር መርማሪ ሆና ትመጣለች፤ ታሸታለች፣ ትቆፍራለች፣ የውሃ ማጠጫውን ገልብጣ ታያለች። ሱሉልታ ያለች ወዳጄ ደግሞ ችግኟን ከውርጭ ለማዳን ገለባ ስታለብሰው፣ ድመቷ ገለባው ላይ ተጠቅልላ ታድራለች።

ሰሞኑን ቡራዩ ያገባችው የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አማቷ «ድመት ያለበት ቤት ፅንስ አይበረክትም፤ ከቤት ትውጣ» ብለዋል። «አክስቴ፣ እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። የአማቷ ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ያዩት ግን ግማሹን ብቻ ነው።

ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1908 ቱኒስ ውስጥ አይጥ በምትመስል ጉንዲ የተባለች እንስሳ ላይ ተገኘ፤ የድመት ድርሻ የታወቀው ግን ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ድመት አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ትያዝና የተሕዋሱን ዘር ከዓይነ ምድሯ ጋር ትጥላለች። የምትጥለውም አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ፣ መጀመሪያ ስትያዝ፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ያህል ነው። የወጣው ዘር ሰውን መያዝ የሚችለው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ ግን ከዓመት በላይ ሊሰነብት ይችላል። እንግዲህ ድመቷን መዳበሱ ሳይሆን አፈሩ ነው የሚያሰጋው፤ አፈር የነካው እጅ፣ ያልታጠበ ሰላጣና ቃሪያ፣ ከጎማው ተቀንጥሶ በቀጥታ ቡና ሲኒ ውስጥ የሚገባው ጤና አዳም። (ነፍሰ ጡር ጤና አዳሙን ታጥቦም ቢሆን ትተወው፤ ማህፀን ያነሳሳል።)

ሌላው ግማሽ ያለው ገበታ ላይ ነው። ይኸው ተሕዋስ በጥሬና በደንብ ባልበሰለ ሥጋ ውስጥም ይኖራል። ድመቷን ለማባረር ቤተ ዘመዱ ሁሉ ይመክራል፤ ለእርጉዟ ግን «አምሯታል» ተብሎ ቁርጥ ይገዛላታል። ክትፎውን ለብ ለብ ማድረግም አያድነውም። የእህቴን ልጅ «ለመሆኑ በዓሉን ምን በላሽ?» ስላት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘችው በእርግዝናዋ ወቅት ከሆነ ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ፣ ሊያስወርዳት ወይም የሕፃኑን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። እሷ ራሷ ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም አይሰማትም። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ድመት እንዳላት፣ ጥሬ ሥጋም እንደበላች ለሐኪሟ እንድትነግር አሳሰብኳት።

ለድመቷ የራሷን ቦታ መስጠት ይቀላል። እኔ ጥግ ላይ አሸዋ የሞላሁበት ሰፊ ሣጥን አስቀምጫለሁ፤ በየቀኑ ይጸዳል። በየቀኑ ማለቴ የተጣለው ዘር ሳይጎለምስ ለመቅደም ነው። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ይህን ሌላ ሰው ይሥራው፤ የግድ እሷ ከሆነች ጓንት ታድርግ፣ ከዚያም እጇን በሳሙና ትታጠብ። ችግኝ ስትኮተኩትም እንዲሁ። በችግኞቼ ዙሪያ ጠጠር ደልድያለሁ፣ ጎመኑ ላይ የዶሮ ሽቦ አጥፌ ጣል አድርጌበታለሁ፤ ውሮ በእግሯ ሞክራው ተወችው። ሰላጣ ቅጠል በቅጠል ተለይቶ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፤ ኮምጣጤ ውስጥ መንከሩን አትመኑት፣ ይህን ተሕዋስ አይገድለውም። ከሉካንዳ የሚመጣላትን ትርፍራፊ ቀቅላችሁ ስጧት። የአይጥ መርዝ ደግሞ ድመት ባለበት ግቢ አይበተን፤ የተመረዘችውን አይጥ የምትበላው እሷው ናት።

የቡራዩዋ ድመት አልወጣችም። አማትየው አሁንም በክፉ ዓይን ያይዋታል፤ ሣጥኗን በየጠዋቱ የሚጠርገው ግን ልጃቸው ነው። ሥጋውም እስኪበስል ይጠበቃል፤ በዚህ ላይ እሳቸውም አልተከራከሩም።