ሙግት፦ ድረ ገጽ በስንት ብራውዘር ይታይ?

ሐረር ጁገል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። እዚያ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ድረ ገጽ ሊያሠራ ነው እንበል። ደንበኞቹ ከአውሮፓ የሚመጡ ጎብኚዎችም፣ ከድሬ ጠያራ ወረዳ ለሠርግ የሚመጡ ዘመዶችም ናቸው። ገጹ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት በየብራውዘሩ መታየት አለበት? ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተዋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዎ፤ ሠሪው ያየውን ሁሉም አያየውም

ድረ ገጽ ሠሪ ሥራውን የሚያየው በራሱ ላፕቶፕ፣ በራሱ ክሮም ነው። ከሮም የሚመጣው ጎብኚ ግን አይፎን ይዟል፤ ክሮም ቢጭንበትም ከውስጥ የሚሠራው የሳፋሪው ዌብኪት ነው። የድሬ ጠያራው ዘመድ ደግሞ ዳታ ለመቆጠብ በኦፔራ ሚኒ ይገባ ይሆናል። ኦፔራ ሚኒ በከፍተኛ ቁጠባ ሲሠራ ገጹ የሚዘጋጀው በኦፔራ ሰርቨር ላይ ነው፤ ስልኩ ላይ የሚደርሰው ተጨምቆ ነው። ስለዚህ በጃቫስክሪፕት የሚንቀሳቀሰው ሜኑ ሊቆም ይችላል፤ ከገጹ ጋር የሚመጣው ፎንትም አይጫንም። ስልኩ የግእዝ ፎንት ከሌለው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈው የገጹ አፋን ኦሮሞ ደህና ሲነበብ አማርኛው ሳጥን በሳጥን ይሆናል።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ይጽፉት ስለነበር፣ ፎንቱ የሌለው አንባቢ የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነበር። ጸሐፊው ዘንድ ግን ጽሑፉ ያማረ ነበር።

ደንበኛ ገጹ ሲበላሽበት ደውሎ አይነግርም፤ ዝም ብሎ ሌላ ማረፊያ ይፈልጋል።

የለም፤ ቅድሚያው ቀላል ገጽ መሥራት ነው

እኅቴ ያነሡት ችግር እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። የብራውዘሩ ስም ቢበዛም ገጹን ከውስጥ የሚያሳየው ሞተር ጥቂት ነው። ኦፔራ በ2013 ወደ ክሮም ሞተር ዞረ፤ የማይክሮሶፍቱ ኤጅ በ2020 ተከተለው። ገጽ ሠሪዎችን ያስመረረው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ2022 ተሰናበተ። ዛሬ ዋና ዋናዎቹ ሞተሮች ሦስት ናቸው፦ የክሮሙ ብሊንክ፣ ዌብኪትና የፋየርፎክሱ ጌኮ።

ወጪውም ይታሰብ። ገጽን በብዙ ብራውዘርና ስልክ ከፍተው የሚያሳዩ፣ እንደ ብራውዘርስታክ ያሉ አገልግሎቶች ክፍያቸው በዶላር ነው። ሐረር ላይ የሚሠራ ወጣት ለዚያ የሚሆን ካርድ ከየት ያመጣል? ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ አገልግሎቱ የሚያነሣው የገጹ ፎቶ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ፎቶው ላይ ያማረው “ክፍል ያዝ” የሚል ቁልፍ ሲነካ አለመሥራቱን ማን ይነግረዋል? ኔትወርኩ ሲደክም ገጹ ምን ያህል እንደሚያስጠብቅስ?

ስለዚህ የማረፊያው ስም፣ ስልክ፣ ዋጋና አድራሻ በተራ ኤችቲኤምኤል ይጻፍ። ፎቶዎቹ ይቅለሉ። ጌጡ ከዚያ በኋላ ይጨመር። ጌጡ ባይሠራ እንኳ እንግዳው ቁጥሩን አይቶ ይደውላል። ከመሠረቱ በደንብ የተሠራ ገጽ ብዙ ፍተሻ አይፈልግም።

የእርሷ መልስ

ቀላል ይሁን ባሉት እስማማለሁ። ግን ቀላል መሆኑን ሳያዩ በምን ያውቁታል? ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ዶላርም አያስፈልግም። የጎረቤት አይፎንና የዘመድ አሮጌ ቴክኖ መዋስ፣ ኦፔራ ሚኒን በነጻ መጫን፣ ሊንኩንም በቴሌግራም ልኮ እዚያው መክፈት በቂ ነው። በተዋሱት ስልክ ላይ ቁልፉም ይነካል፣ የኔትወርኩም ድካም ይታያል፤ ወንድሜ ፎቶው አያሳይም ያሉት ሁሉ ይገኛል።

የእርሱ መልስ

እንዲህ ያለውን ፍተሻ አልቃወምም። የምቃወመው ገጹ በሁሉም ብራውዘር መልኩ አንድ እስኪሆን ድረስ የሚባክነውን ጊዜ ነው። በአይፎን ያማረው በኦፔራ ሚኒ ደረቅ ቢመስል ምንም አይደለም፤ ይነበብ፣ ያስደውል። የማረፊያ ባለቤቶችም ቀሪውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ሠሪውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ዋጋውና ስልክ ቁጥሩ በእጃችሁ ባለው በጣም ርካሽ ስልክ ላይ ይታያሉ? ካልታዩ ሥራው አላለቀም።