ሞተሩን ከመምረጣችን በፊት ፍሬኑን እንይ

ሰሞኑን በአውቶ ክፍል ወርክሾፕ በር ላይ የሚሰማው ክርክር ስለ ፈተና አይደለም፤ ስለ አንዲት ቮልስ ነው። ከመምህራኖቻችን አንዱ የባለ 1200 ቮልሳቸውን ሞተር በመጪው ክረምት በገዛ ግቢያቸው ለመቀየር እንዳሰቡ፣ የሚያግዟቸው ሠልጣኞችም እንደሚፈልጉ ከተናገሩ ወዲህ ሁሉም ሰው መሐንዲስ ሆኗል። ገሚሱ «ከተጋጨ መኪና የወጣ የቶዮታ ሞተር ይግባላትና እንደ ጥይት ትሂድ» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «አሮጌ መኪና ላይ ምን አደከማችሁ፣ ትሸጥ» ባይ ነው። እኛ ከሁለቱም ወገን አይደለንም። ሞተሩ ይቀየር፣ በቤትም ይሠራ እንላለን፤ ነገር ግን የሚገባው ሞተር መኪናዋ ልትሸከመው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልታቆመው የምትችለው ይሁን። መምህራችን በየጠዋቱ ልጆቻቸውን ጭነው ከእንጦጦ ሥር ቁልቁል የሚወርዱባት መኪና ናትና ነገሩ የወሬ ማድመቂያ አይደለም።

«ትሸጥ» ለሚሉት መልሳችን አጭር ነው። ቮልስ በአገራችን ተራ ብረት አይደለችም፤ ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተች መለዋወጫዋ ዛሬም ይገኛል። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን ጠግኖ መያዝ የድሃ መላ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ሞተሩ የሚቀየረው ለምንድን ነው? «ዳገት ላይ ትሞታለች» ነው የሚባለው። እውነት ነው። ግን ለምን እንደምትሞት የጠየቀ ሰው እስካሁን አልሰማንም። ባለ 1200ዋ 34 የፈረስ ጉልበት አላት ሲባል በባሕር ጠለል ላይ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል። አየሩ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱም በሩብ ይቀንሳል፤ 34ቱ ወደ 26 ይወርዳል ማለት ነው። የዚያው ዘር የሆነው ባለ 1600 ሞተር በባሕር ጠለል 50 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው እዚህ 37 ወይም 38 ይቀረዋል። ልብ በሉ! 1600ን አዲስ አበባ ላይ መግጠም ማለት 1200ዋ በተሠራችበት አገር የነበራትን ጉልበት ትንሽ መርቆ መመለስ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል? እንደ ጥይት መሄድ የሚፈልግ ሌላ መኪና ይፈልግ።

1600ን የምንደግፍበት ሁለተኛው ምክንያት በቤት ሊሠራ መቻሉ ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በ4 ማሰሪያዎች ብቻ ነው፤ ከላይ 2 ብሎን፣ ከታች 2 ዳዶ። የነዳጅ ቱቦውን፣ የቤንዚን ፔዳሉን ሽቦ፣ የማሞቂያውን ሽቦዎችና ጥቂት የኤሌክትሪክ መስመሮችን ከፈቱ በኋላ ከ100 ኪሎ ግራም ትንሽ የሚበልጠውን ሞተር በክሪክ አውርዶ ማውጣት የሦስት ሰው ሥራ ነው። ይህን ስንል ግን ጥንቃቄውን አንዘልም። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነውና በመጀመሪያ እርሱ ይፈታ። የቤንዚን ጋኑ ከፊት ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ቱቦው ሳይታፈን ከተነቀለ ቤንዚኑ መሬት ላይ ይወርዳል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ደግሞ በየትኛውም ወርክሾፕ፣ በየትኛውም ግቢ ክልክል ነው፤ ወፍራም ጉማጅ እንጨት ወይም የብረት ማቆሚያ ይግባበት።

«ታዲያ 4 ብሎን ከሆነ ምን ያከራክራል?» የሚል አይጠፋም። የሚያከራክረው ከ4ቱ ብሎን በኋላ ያለው ነው። አሮጌዋ 1200 ባለ 6 ቮልት ከሆነች፣ ቮላኖዋ ማለትም ከሞተሩ ጀርባ ያለው ጥርሳም ክብ ብረት 109 ጥርስ አለው፤ የ12 ቮልቱ 1600 ግን 130 ጥርስና ከፍ ያለ ስፋት አለው። የፍሪሲዮኑ ሸራም ከ180 ወደ 200 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ስለዚህ አዲሱ ቮላኖ በአሮጌው ካምቢዮ አፍ ውስጥ ይፋተጋል፤ ወይ ቤቱ በጥንቃቄ ይሞረዳል፣ ወይ ካምቢዮው ይቀየራል። ሞተሪኖውና ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽ እንኳ አንድ አይደሉም። ይህን ሳይለካ ሞተር የገዛ ሰው እሑድ ማታ ግማሽ የተፈታ መኪና ታቅፎ ያድራል።

እኛ ለመምህርነት የምንሠለጥን ሰዎች ይህን ሥራ የምንወድበት ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። ቮላኖ ሲቀየር ክራንክ ሻፍቱ ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት እንደገና መለካት አለበት፤ ከ0.07 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን ይገባዋል። የሚስተካከለውም በ3 ስስ የብረት ቀለበቶች ነው። የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ልዩነት ሞተሩን ሊያበላሽ ይችላል ብሎ ለተማሪ ከመናገርና ተማሪው ራሱ ለክቶ እንዲያገኘው ከማድረግ የትኛው ይሻላል? ቮላኖውን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ ደግሞ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይጠብቃል። በ1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ግራም መስቀል ማለት ነው። የጉልበት ክንድን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት ስንስል ስንት ጊዜ አሰልቺ ሆኖብናል!

አሁን ወደ ፍሬኑ። ጉዳዩ ከሁሉ የሚያሳስበን እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ባለ 1500ዋን ለአውሮፓ ሲያወጣ ሞተሩን ብቻ አሳድጎ ዝም አላለም፤ የፊት ጎማዎቹን ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ ለወጠ፣ የኋላ ጎማዎቹንም አራርቆ አቆመ። የሠራት ሰው እንዲህ ካደረገ እኛ ማን ነን? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና 80 ስትደርስ ፍጥነቷ በሲሶ ብቻ ነው የጨመረው፤ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኢነርጂ ግን ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል። አንዳንዶች «እዚህ ከፍታ ላይ 1600ውም ይደክማል ብላችሁ የለም እንዴ፣ ታዲያ የድሮው ፍሬን ይበቃል» ይሉናል። ዳገት ላይ ልክ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ከፍታው ምንም አይቀንስልንም፤ የመሬት ስበት እዚህም ያው ስበት ነው። በተጨማሪም አሮጌዎቹ ቮልሶች ፍሬናቸው ባለ አንድ መስመር ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማዎች ባዶ ይሆናሉ። ስለዚህ መምህራችን ገንዘባቸውን ሲመድቡ የመጀመሪያው ብር ለባለ ሁለት መስመር የፍሬን ፓምፕ፣ ለአዲስ ቱቦና ከተገኘም ለፊት ዲስክ ይሁን። የተረፈው ለሞተር ይሁን።

የቶዮታውን ሐሳብ በጥቂቱ እንየው። መኪናዋ ራዲያተር የላትም፤ ይበጅላት። ሞተሩና ካምቢዮው አይገጥሙም፤ ማገናኛ ብረት ይቀረጽ። ክብደቱ ከኋላ አክስል ወዲያ ይንጠለጠላል፤ የአሮጌዋ ቮልስ የኋላ እግር ደግሞ በፍጥነት ሲታጠፉ ጎማው ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ዓይነት ነው። ሁሉም ሊሠራ ይችላል፣ የሠሩም አሉ። በአሜሪካ አገር ሰዎች የሸቭሮሌ ኮርቬር ሞተር ለቮልስ መግጠም ልማድ አድርገው ነበር። ያ ሞተር የሚዞረው ከቮልሱ በተቃራኒ ነው። ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርስ ገልብጦ ያልገጠመ ሰው 4 የኋላ ማርሽና 1 የፊት ማርሽ ያላት መኪና ይኖረዋል! ሳቅ ነው፤ ግን የመዞሪያ አቅጣጫን አስቀድሞ የመመልከትን ነገር ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ምሳሌ አላገኘንም።

የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሉም አሉ፤ ሐሳቡን አንንቀውም። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአንድ ድርጅት ጋር ሆኖ አንዲት አሮጌ ቮልስ ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ አሳይቷል። 800 ኪሎ ግራም ገደማ የነበረችው መኪና ባትሪው ሲጨመርባት 1,280 ኪሎ ግራም ደረሰች። እነርሱም ፍሬኑንና ከሥር ያለውን ማጠናከር ግድ ሆኖባቸዋል። ዞሮ ዞሮ እዚያው ፍሬኑ ጋ ነን።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የአውቶ ክፍሉ ቶርክ ቁልፍና የመቶኛ ሚሊ ሜትር መለኪያ በቁም ሣጥን ተቆልፈው በዓመት ሁለት ጊዜ ለማሳያ ብቻ ይወጣሉ። ለዚህ ሥራ በፊርማ ይሰጡ። የጠፋ ይከፈልበታል፤ የተቆለፈ መሣሪያ ግን ቢኖርም እንደሌለ ነው። ሥራውን የሚረዱት 4 ሠልጣኞች እያንዳንዱን ልኬት በደብተር ይጻፉ፦ የትኛው ሽቦ የት እንደገባ፣ ቤቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደተሞረደ፣ የትኛው የፍሪሲዮን ሸራ እንደተገጠመ። ነገ መኪናዋን የሚጠግናት ሌላ ሰው ነው፤ የእኛን ልብ አንብቦ ሊሠራ አይችልም። ሞተሩን ዙሪያውን የሚሸፍኑት ቆርቆሮዎችና የላስቲክ ጠርዞች «ትርፍ ናቸው» ተብለው እንዳይጣሉ አደራ፤ እነርሱ ከሌሉ ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ካርቡራተሩም ለከፍታችን ይስተካከል፤ አለዚያ ቤንዚን ትበላለች፣ ጥቁር ጭስም ትተፋለች።

የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ አዲሱ ሞተር ሲገዛ የመጣበት ሕጋዊ ወረቀት አብሮ ይያዝ፤ መዝገቡም ይስተካከል። የወጣው 1200 ሞተር ደግሞ ለቆራሊዮ እንዳይሰጥ መምህራችንን እንለምናለን። ፈቃዳቸው ከሆነ አንዱ ጎኑ ተቆርጦ ፒስተኖቹ እንዲታዩ ሆኖ በወርክሾፓችን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ቁጥሩ ግን እንዳይፋቅ።