የትኛው አከራይ ይሻላል? ዚቪኤም ወይስ ኬቪኤም

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሜይንፍሬም ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የዓለም ትልልቅ ባንኮች ሒሳባቸውን የሚያንቀሳቅሱት በእነዚህ ማሽኖች ነው። ስለ ገንዘብ እንጽፋለን እያልን ገንዘቡ የሚያልፍበትን ዕቃ ለቴክኒክ ሰው ብቻ መተው ደግሞ አይሆንም።

ነገሩን በማርቆስ ኑሮ ላስረዳ። ከግቢ ውጭ የሚኖር ተማሪ የኪራይ ቤትን ያውቀዋል፤ አንድ አጥር፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቧንቧ፣ ስድስት ክፍል። ሁሉም በሩን ዘግቶ የራሱን ቤት ይመስለዋል፤ መብራቱንና ውኃውን የሚያደላድለው ግን አከራዩ ነው። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ፕሮግራም ሥራው ይኸው ነው። አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ሊኑክሶች ያከራያል፤ እያንዳንዱም ማሽኑን ለብቻው የያዘ ይመስለዋል።

በአይቢኤም ሜይንፍሬም ላይ ስማቸው የሚነሳ አከራዮች ሁለት ናቸው። አንጋፋው ዚቪኤም ነው፤ ዘሩ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይጀምራል፣ በ1972 ቪኤም/370 ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ሁለተኛው ኬቪኤም እ.ኤ.አ. በ2007 የሊኑክስ ከርነል አካል ሆነ፤ ለሜይንፍሬም ደንበኞች በምርት መልክ የመጣው በ2015 ነው።

እውነቱን ለመናገር አንጋፋው የሚናቅ አይደለም። አምስት አልጋ ባለበት ግቢ ስምንት ሰው ማሳደር ይችልበታል። ይኸውም ማሽኑ ካለው ሜሞሪ በላይ ለተከራዮቹ ያድልና፣ ሥራ ከፈታው ወስዶ ሥራ ለበዛበት ይሰጣል። ኬቪኤምም ይህን ይሞክራል፤ ዚቪኤም ግን ዕድሜ ልኩን ያደረገው ነገር ነው። ስለዚህ ለዓመታት በመቶ የሚቆጠሩ ሊኑክሶችን በዚቪኤም ሲያስተዳድር የኖረ ድርጅት ነቅሎ ይውጣ አልልም።

እኔን የሚያሳስበኝ ገና የሚጀምረው ነው፤ እኛን የመሰለ አገር ማለቴ ነው። ዚቪኤም የሚከፈልበት ፈቃድ አለው፣ ሒሳቡም በፕሮሰሰር ቁጥር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በዶላር የሚታደስ ውል የያዘ ሁሉ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ከሜይንፍሬም ውጭ ያለውንም እንይ። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ኅዳር 2016 ዓ.ም. ቪኤምዌርን ገዝቶ እንደጨረሰ፣ አንዴ ተገዝቶ የሚቀረውን ፈቃድ መሸጥ አቁሞ በየጊዜው የሚከፈል ኪራይ አደረገው። ግቢው ሲሸጥ ተከራዩ አዲስ ውል እንደሚጠብቀው እኛ ተማሪዎች አሳምረን እናውቃለን።

ኬቪኤም በነጻ ነው ብዬ ግን አላታልልም። ባንክን የሚያህል ነገር ያለ ድጋፍ ውል አይንቀሳቀስም፤ ለሬድ ሃት፣ ለሱሴ ወይም ለኡቡንቱ ባለቤት ይከፈላል። ሬድ ሃት ራሱ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአይቢኤም ነው፤ አከራዩን ቀይረን ባለቤቱ ያው ሆነ እንዴ ያሰኛል! ልዩነቱ ኮዱ ክፍት መሆኑ ነው። አንዱ ዋጋ ቢሰቅል ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል።

የጸጥታው ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ለኬቪኤም ተከራዮች የመጣው ቴክኖሎጂ የሊኑክሱን ሜሞሪ ከሃይፐርቫይዘሩ አስተዳዳሪ ዓይን ጭምር ይሸፍናል። አከራዩ ትርፍ ቁልፍ ቢኖረውም በሩ አይከፈትለትም ማለት ነው። የሰው ሒሳብ ለሚይዝ ተቋም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የምከራከረው ስለ ሰው ነው። ዚቪኤም የራሱ ትእዛዞች አሉት፤ መለማመጃው ማሽን ደግሞ በኮሌጅ ላቦራቶሪ አይገኝም። ኬቪኤም ላይ የሚሠራ ልጅ በተራ ኮምፒዩተር የለመዳቸው ዋና ዋና ትእዛዞች ሜይንፍሬሙ ላይ ሲደርስ ያው ናቸው። ኪውኤምዩ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የሜይንፍሬሙን ፕሮሰሰር ላፕቶፕ ላይ አስመስሎ ሊኑክስ ያስነሳል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ያስተምራል። አንድ ተቋም ኬቪኤምን ሲመርጥ ባለሙያውን ከማርቆስም ከባሕር ዳርም መቅጠር ይችላል። ዚቪኤምን ሲመርጥ ግን ወይ ውጭ ልኮ ያሠለጥናል፣ ወይ ከውጭ ያስመጣል፤ ሁለቱም በዶላር ነው።

የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ወንድሞችና እኅቶች ይህን ለመጀመር በጀት እስኪጸድቅ መጠበቅ ያለባቸው አይመስለኝም። ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋላይዜሽን የሚደግፍ፣ ስምንት ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አንድ ኮምፒዩተርና ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል።