በስልክ የሚቆፈረው ሳንቲም ከማን ላብ ይወጣል?

በአሁኑ ወቅት በየመንደሩ፣ በየፋብሪካው የምሳ አዳራሽና በየታክሲ ተራው ከሚነሱት ጉዳዮች አንዱ በእጅ ስልክ ገንዘብ «ይቆፈራል» የሚለው ወሬ ነው። ሠራተኛው ከሥራ ገበታው ከመቅረቡ በፊት ስልኩን አውጥቶ አንድ ምልክት ይጫናል፤ በመስታወቱ ላይ ቁጥር ማደግ ይጀምራል፤ በማግሥቱም ያንኑ ይደግማል። ጎረቤቱንም እንዲገባ ይጋብዛል። ብዙዎች ይህን «ማይኒንግ» ይሉታል፣ ቁጥሩ የሚከማችበትንም ሥፍራ «ዋሌት» ወይም የገንዘብ ቦርሳ ብለው ይጠሩታል። ነገሩ ተራ ጨዋታ መስሎ ቢታይም የሠርቶ አደሩን ቁጠባ፣ መታወቂያና የእርስ በርስ እምነት የሚነካ በመሆኑ በቸልታ ሊታለፍ አይገባውም። ስለሆነም ጉዳዩን ከሥረ መሠረቱ መርምረን ማን ለማን እንደሚሠራ ለይተን ማወቅ ይኖርብናል።

እንደሚታወቀው ሀብት የሚፈጠረው የሰው ልጅ በጉልበቱና በአእምሮው የተፈጥሮን ጥሬ ዕቃ ለኑሮው በሚስማማ መልክ ሲለውጥ ነው። ገንዘብ የዚህ ሥራ መለኪያና መለዋወጫ እንጂ የሀብት ምንጭ አይደለም። አንድ አዲስ የገንዘብ ዓይነት በተፈጠረ ቁጥር መነሳት የሚገባቸው ጥያቄዎችም ሁለት ናቸው። ከጀርባው የቆመው የማን ሥራ ነው? ውጤቱስ በማን እጅ ይገባል? ቁልፉ ጉዳይ ይህ ነው።

ዛሬ ክሪፕቶከረንሲ እየተባለ የሚጠራው ገንዘብ ከካፒታሊዝም የገንዘብ ቀውስ መካከል የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 ሌህማን ብራዘርስ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ባንክ ሲወድቅ በምዕራቡ ዓለም በባንኮች ላይ የነበረው እምነት ክፉኛ ተናጋ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 31 ቀን ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል የብዕር ስም የቀረበ ጽሑፍ ያለ ባንክ የሚንቀሳቀስ ቢትኮይን የተባለ ገንዘብ እንዲፈጠር ሐሳብ አቀረበ። ሥራውም ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ተጀመረ።

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳየው መዝገብ በአንድ ባንክ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ በሚገኙ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ ይቀመጣል። በየ10 ደቂቃው ገደማ በመዝገቡ ላይ አንድ አዲስ ገጽ ይጨመራል። ገጹን የመጨመር መብት የሚያገኘው በብዙ ትሪሊዮን ሙከራ አንድ የተሰወረ ቁጥር አስቀድሞ የገመተው ኮምፒዩተር ነው። ለአሸናፊውም አዲስ ሳንቲም ይሰጠዋል። «ማይኒንግ» የሚባለው ይህ እሽቅድድም ነው። ሽልማቱ በመጀመሪያ 50 ቢትኮይን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ2016፣ በ2020 እና በ2024 በግማሽ በግማሽ እየቀነሰ 3.125 ደርሷል። ጠቅላላው የሳንቲም ብዛትም ከ21 ሚሊዮን እንዳይበልጥ ተወስኗል።

ከዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ቅራኔ እናገኛለን። በፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞችና ማሽኖች ሲጨመሩ ምርት ይጨምራል። በዚህ እሽቅድድም ግን የተወዳዳሪው ብዛት በእጥፍ ቢያድግ በቀን የሚወጣው ሳንቲም ያው 450 ገደማ ነው። መዝገቡ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ የግምቱን ክብደት ከተወዳዳሪዎቹ አቅም ጋር እያስተካከለ ያከብደዋል። ስለሆነም ተጨማሪ ማሽንና ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ያስገባ ሰው ከሌላው ድርሻ ይነጥቃል እንጂ ለኅብረተሰቡ የሚጨምረው አንድ ኩንታል እህል፣ አንድ ሜትር ጨርቅ የለም።

ሌላውም ሕግ እዚህ ግልጽ ሆኖ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማንም ሰው በቤቱ ኮምፒዩተር ይህን ሥራ መሥራት ይችል ነበር። ቆየት ብሎ ለዚህ ብቻ የተሠሩ ልዩ ማሽኖች መጡ። የእጅ ባለሙያው በትልቁ ኢንዱስትሪ እንደ ተተካ ሁሉ አነስተኛው ቆፋሪ በባለካፒታሉ ተተካ። «ለሁሉም እኩል ነው» ተብሎ የተጀመረው ገንዘብ ርካሽ ኤሌክትሪክና በሺህ የሚቆጠር ማሽን ባላቸው ኩባንያዎች እጅ ተከማቸ። የካፒታል መከማቸት ሕግ የገንዘቡ ስም ስለተለወጠ ብቻ አልተሻረም።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ20 የሚበልጡ የቢትኮይን ማይኒንግ ኩባንያዎች፣ አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል እንደነበራቸው ተዘግቧል። የሳባቸው የወንዞቻችን ርካሽ ኃይል ነው። እዚህ ላይ የአንዱን ማሽን ፍጆታ በምሳሌ እንመልከት። አንድ ዘመናዊ ማሽን 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ሌትና ቀን ሳይጠፋ ቢጣድ ከሚፈጀው ጋር የሚቀራረብ ነው። በአንድ መጋዘን ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉ ማሽኖች በሺህ ይደረደራሉ። አገሪቱ ከሽያጩ የውጭ ምንዛሪ ማግኘቷ እውነት ነው፤ የሚናቅም አይደለም። ይሁንና ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ ከደመወዙ ቦንድ እየገዛ የሠራውና ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ያሳየን ኃይል የሕዝብ ላብ ውጤት መሆኑን ነው። ከሕዝቡ ከፍተኛ ክፍል ገና መብራት ሳያገኝ የኃይሉን ጥቅም ማስቀደም ለማን እንደሚገባ መጠየቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ድርጅቱ ለአዳዲስ የማይኒንግ አመልካቾች ኃይል መስጠት ማቆሙን ማስታወቁም ከዚሁ አንፃር ሊታይ ይገባዋል።

እንግዲህ እውነተኛው ማይኒንግ ይህ ከሆነ በእጅ ስልክ የሚካሄደው ምንድን ነው? በሒሳብ እንየው። ከላይ የጠቀስነው ማሽን በአንድ ሴኮንድ 200 ትሪሊዮን ያህል ሙከራ ያደርጋል። ስልክ በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ሙከራ ያደርጋል ብለን ብንነሳ እንኳ አንዱን ማሽን ለመተካት 20 ሚሊዮን ስልክ ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ደግሞ በዓለም ላይ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። በተጨማሪም አፕልና ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 በስልኩ አቅም ማይኒንግ የሚያካሂዱ አፖችን ከመደብሮቻቸው አግደዋል። ስለዚህ በስልኩ መስታወት ላይ የሚያድገው ቁጥር የስልኩ ሥራ ውጤት አይደለም። አንድ የሩቅ ባለቤት በገዛ መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ነው።

የእነዚህ አፖች ዓይነት ሦስት ነው። የመጀመሪያው ግልጽ ማጭበርበር ነው። ሉክአውት የተባለው የስልክ ደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት ማይኒንግ እናካሂዳለን እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ከ170 በላይ አፖች ማግኘቱን፣ 25ቱም በጉግል መደብር ውስጥ እንደነበሩ ገልጿል። አፖቹ ምንም አይሠሩም ነበር፤ ቁጥር ብቻ ያሳያሉ። ከ93,000 ከሚበልጡ ሰዎች ቢያንስ 350,000 ዶላር ሰብስበዋል። ይህን ገንዘብ ለተጎጂዎቹ ብናካፍለው ለአንዱ ከ4 ዶላር ብዙም አይበልጥም። ትምህርቱም ከዚህ ላይ ነው፦ ዘረፋው ከእያንዳንዱ ጥቂት በመውሰድ ብዙኃኑን የሚመታ በመሆኑ ተበዳዩ ለመክሰስ እንኳ አይነሳሳም።

ሁለተኛው ሰው በሰው ላይ እየተደራረበ የሚሠራበት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በቡልጋሪያ የተመሠረተው ዋንኮይን አባላቱን «የማይኒንግ» ድርሻ እያስገዛ፣ አዲስ አባል ላመጣም ኮሚሽን እየከፈለ በዓለም ዙሪያ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ከጀርባው ግን እውነተኛ የጋራ መዝገብም ሆነ ማይኒንግ አልነበረም። መሥራቿ ሩያ ኢግናቶቫ እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰወረች፤ ተባባሪዋ ካርል ግሪንዉድ በ2023 በኒውዮርክ 20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በዚህ አሠራር የቀዳሚው ትርፍ የተከታዩ ኪሳራ ነው፤ በመጨረሻው ረድፍ የሚገኘውም ዘወትር ድሃው ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ይበልጥ የረቀቀ በመሆኑ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። ፓይ ኔትወርክ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2019 ያስጀመሩት አፕ ነው። ለመግባት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህም ከዋንኮይን ጋር አንድ አድርጎ መፈረጅ ትክክል አይሆንም። ተጠቃሚው በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ አንድ ምልክት ይጫናል። ሰው ሲጋብዝና ከ3 እስከ 5 የሚያምናቸውን ሰዎች በ«ደኅንነት ክበብ» ሲያስመዘግብ የሚያገኘው ቁጥር ከፍ ይላል። ሳንቲሙን ለማውጣት ደግሞ መታወቂያውን ማስመርመር አለበት። ከዕቅዱ 100 ቢሊዮን ሳንቲም ውስጥ 65 ቢሊዮኑ ለተጫኞቹ ሁሉ፣ 20 ቢሊዮኑ ለመሥራቾቹ ቡድን፣ የቀረው ለድርጅቱ ልዩ ልዩ ዓላማ ተመድቧል።

እስኪ ይህን ክፍፍል እናጢነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ለስድስት ዓመት በየቀኑ ተጫነ፤ ወንድሙንና ጎረቤቱን አስገባ፤ ማስታወቂያ ተመለከተ፤ መታወቂያውን ሰጠ። ገንዘቡን ሰው የሚያውቀው ያደረገው ይኸው ሕዝብ ነው። አንድ አምስተኛው ግን አስቀድሞ ለጥቂቶች ተለይቷል። ሳንቲሙ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025 በገበያ ሲከፈት በቀናት ውስጥ ወደ 3 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ እስከ ኤፕሪል ከ1 ዶላር በታች ወርዷል። በዋጋው ማሽቆልቆል ተስፋው የተሟጠጠው ጊዜውን የሰጠው ሰው ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአበው አባባል ለዚህ በትክክል ይስማማል። እዚህ የሚቆፈረው ማዕድን ኮረብታ አይደለም፤ የሰው ጊዜ፣ የሰው ማንነትና ሰው በሰው ላይ ያለው እምነት ነው።

ስለ ዋሌትም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ስሙ ቦርሳ ይባል እንጂ በውስጡ ገንዘብ የለም። ያለው በጋራ መዝገቡ ላይ ያለውን ሳንቲም ለማዘዝ የሚያስችል ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ቁልፉም ብዙውን ጊዜ በ12 ወይም በ24 ቃላት ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጣል። ቃላቱን ያወቀ ሁሉ ባለቤት ነው፤ ቃላቱ የጠፉበት ምንም የለውም። አቤት የሚባልበት ቅርንጫፍ፣ ዝውውሩን የሚመልስ ሹም የለም። «ችግርህን እንፈታልሃለን፣ ቃላቱን ላክልን» የሚል መልእክት የሚመጣውም ይህን ከሚያውቅ ሌባ ነው። በሌላ በኩል ቁልፉ በተጠቃሚው እጅ ሳይሆን በኩባንያው ዘንድ የሚቀመጥበት ዋሌት አለ፤ በዚህ ጊዜ ሰውየው የያዘው ገንዘብ ሳይሆን የኩባንያውን ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ኤፍቲኤክስ የተባለው ድርጅት ሲወድቅ ደንበኞቹ ያጡት ይህንኑ ቃል ነበር። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቆ ነበርና ተጭበርባሪው ከለላ የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ ነው።

ይሁንና ሠርቶ አደሩን በአላዋቂነት መውቀስ ስህተት ነው። ተጨባጩ ሁኔታ ምክንያት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ለዓመታት በብር ያጠራቀመ ሰው ቁጠባው በእጁ ላይ ሲሟሟ ሲያይ በዶላር የሚቆጠር ነገር ቢመኝ አያስደንቅም። ነጋዴው ይህን ምኞት አውቆ ይመጣል። መልሱ ምኞቱን መንቀፍ ሳይሆን የምኞቱን መንገድ መመርመር ነው።

መመርመሪያውም በእጃችን አለ። ዕቁብ የገባ ሰው ዳኛውንና ጸሐፊውን ያውቃል፤ የሚጣለው ብር ከአባላቱ ሥራ የመጣ መሆኑን፣ ዕጣ የደረሰው ሰው የሚወስደውም አባላቱ ያዋጡትን መሆኑን፣ ዋስ ሳይጠራ እንደማይወጣ ያውቃል። አፑ ከዕቁብ የወሰደው እምነቱን ብቻ ነው፤ ዳኛውን፣ ዋሱንና ዕጣውን አልወሰደም። ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት በውይይት ሰዓታቸው የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያነሱ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ይህ ገንዘብ ከማን ሥራ ይመነጫል? መልሱ «ከሚቀጥለው ሰው» ከሆነ ሥራ የለም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ባላመጣ ኖሮ ምን አገኝ ነበር? ሦስተኛ፣ ዛሬ ላውጣ ብል በብር ተቆጥሮ በእጄ ይገባል? «ለማውጣት መጀመሪያ ክፈል» የሚል ካለ ጥያቄው ተመልሷል። አራተኛ፣ መሥራቹ ምን ያህሉን ለራሱ አስቀርቷል? አምስተኛ፣ መታወቂያዬና የስልኬ የስም ዝርዝር በማን እጅ ይገባል? ሲጠፋብኝስ ማንን አቤት እላለሁ?

ጎረቤቱን ወደ አፑ ከመጋበዙ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለራሱ የመለሰ ሠራተኛ ሌላውን ከጉዳት ይጠብቃል። በጉዳዩ ቀድሞ የገባ አባል ካለም ማኅበሩ ሊያፍርበት ሳይሆን የደረሰበትን ሳይደብቅ እንዲያስረዳ ሊያበረታታው ይገባል፤ ዝምታ የሚጠቅመው ለአጭበርባሪው ብቻ ነውና። ቴክኒክን አንቃወምም፤ የጋራ መዝገብ ሐሳቡ በሕዝብ እጅ ሲውል ለሕዝብ ሊያገለግል የሚችል የአእምሮ ሥራ ውጤት ነው። የምንቃወመው ሥራን በጣት ንክኪ፣ እምነትን በቁጥር የሚለውጠውን ንግድ ነው። ሀብት ከሠራተኛው ክንድ ይወጣል፤ የሚጠበቀውም በሠራተኛው ንቃትና ኅብረት ነው።