ማጭድ ይዞ የመጣ እንግዳ

በሰሊጥ አጨዳ ወራት ገለጉን ያየ ሰው እንግድነት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ከደጋ የወረደው ሳሉግ የያዘው ማጭድና ጉልበት ብቻ ነው። መሬቱ፣ ትራክተሩ፣ የዋጋው ቁርጥ የሌላ ሰው ነው። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥምና ሁሉም ይጣደፋል፤ አጨዳው ሲያበቃ ግን ባለመሬቱ ከመሬቱ ጋር ይቀራል፣ ሳሉጉም ወደ መጣበት ይመለሳል።

እነሆ ዛሬ ወጣቶቻችን በስልካቸው የሚገቡበት የኢንተርኔት ጨዋታም እንዲሁ ባለመሬትና ሳሉግ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 በፊሊፒንስ፣ ወረርሽኙ ከሥራ ያፈናቀላቸው ብዙዎች አክሲ ኢንፊኒቲ በተባለ ጨዋታ እንጀራ ፈለጉ። ለመጀመር ሦስት ምናባዊ እንስሳት መግዛት ግድ ነበር፤ ዋጋቸውም በዚያ ዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ የወጣበት ጊዜ ነበር። የሌለው ሰው ከባለ እንስሳው ተውሶ ይጫወታል፣ ያገኘውንም ይካፈላል። እነርሱ «ስኮላርሺፕ» አሉት፤ የጎንደር ገበሬ ቢጠየቅ ግን «መጋዞ ነዋ!» ባለ ነበር። የጨዋታው ገንዘብ ዋጋው ረከሰ፤ በ2022 ደግሞ ሌቦች ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዘረፉት። ዘግይቶ የገባው እንግዳ ባዶ እጁን ቀረ።

ታዲያ እንግዳ ዕድል የለውምን? አለው። ኢቭ ኦንላይን በተባለው የአይስላንዶች ጨዋታ፣ ጉንስዋርም የተሰኘ የጀማሪዎች ማኅበር በርካሽ ትንንሽ መርከቦች እየተመመ ግዙፍ መርከብ ያላቸውን ነባሮች ተገዳደረ። በ2009 የነባሮቹ ኅብረት፣ ባንድ ኦፍ ብራዘርስ፣ ከራሱ ሹማምንት አንዱ ከድቶ ወደ ጀማሪዎቹ ሲዞር ፈረሰ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

እንደ እኔ እምነት፣ ልጆቻችንን «ጨዋታ ጊዜ ማባከን ነው» ብሎ መገሠጽም ሆነ «ሀብት ነው» ብሎ ማጓጓት አይበቃም። መሬቱ የማን ነው? በሩን የሚዘጋውስ ማን ነው? ብለው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ተዘግቶ ቆየ፤ የእኛ ወጣት ወደ እርሻው የሚወስደው መንገድ እንኳ በእጁ አልነበረም።

አንተ እንግዳ፣ ማጭድህን ከመሳልህ በፊት ሂሳብ የሚይዘውን ሰው እወቅ፤ ብቻህንም አትውረድ።