«ገባ አይደል? ይሠራል»

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልናደድ ነው፤ ታገሱኝ።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ደብዳቤ መጻፍ አይወድም ነበር። ውጭ ላለችው እህቴ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ነበር የሚልክላት። ከነዚያ ካሴቶች አንዱ ሳይላክ እኛ ጋ ቀርቷል። ሰሞኑን እማዬ «እስቲ እንስማው» አለችኝ። የድሮውን ዎክማን ከቁም ሳጥን አወጣሁና ቻርጀር ፍለጋ እዚሁ ታቦር፣ ከቤታችን ብዙም የማይርቅ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ካርቶን ሙሉ ቻርጀር አለው። አንዱን መዘዘና ሰካው።

«ገባ አይደል? ይሠራል ብራዘር!»

እውነትም ገባ። ቤት ወስጄ ሶኬት ላይ ስሰካው ግን ዎክማኑ አንዴ «ቂጭ» አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። በቃ። ደግነቱ ካሴቱን ገና አልከተትኩትም ነበር።

በኋላ አገላብጬ ሳየው ቻርጀሩ የዋይፋይ ራውተር ነው፤ 9 ቮልት። ዎክማኑ ቀዳዳው አጠገብ በትንሽ ጽሑፍ «ዲሲ 3 ቮልት» ይላል። ሦስት እጥፍ! እኔም ዓይን አለኝ፣ ማንበብ እችል ነበር፤ ይሄን አልክድም። ግን የሚሸጥ ሰው «ስንት ቮልት ነው?» ብሎ አለመጠየቁ ያበግነኛል። የጃኩ ውፍረት እኮ ስለ ቮልቱ ምንም አይናገርም።

ባትሪ ቆጥሮ መገመትም አለ። አንድ ደብል ኤ 1.5 ቮልት ነው፤ ሁለት ከሆነ 3። ለእኔ ዎክማን ልክ ይመጣል። ነገር ግን ብዙዎቹ የሶኒ ሲዲ ማጫወቻዎች ሁለት ባትሪ እየበሉ ቀዳዳቸው ላይ 4.5 ቮልት ነው የተጻፈው። ስለዚህ የሚታመነው ጽሑፉ ነው። አምፔሩ ከተጻፈው ቢበልጥ አትፍሩ፣ ዕቃው የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚስበው፤ ካነሰ ነው ችግሩ። ቮልቱ ግን መግጠም አለበት። ፕላስና ማይነሱን የምታሳየዋን ክብ ሥዕልም እዩ፤ መሀሉ ፕላስ የሆነና መሀሉ ማይነስ የሆነ ጃክ ከውጭ ሲያዩት አንድ ናቸው።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ «ኢንፑት» የሚለውን አንብቡ። 120 ብቻ ካለ የኛ 220 ያነደዋል። ከ100 እስከ 240 ካለ በሰላም ሰኩት።

ባለሱቆች፣ አንድ ቴስተር ባንኮኒው ላይ ብታስቀምጡ ምን ትጎዳላችሁ? በተለይ እነዚያ ከባድ የድሮ አዳፕተሮች ላያቸው ላይ ከተጻፈው በላይ የሚሰጡ አሉ፤ ሳይለካ መሸጥ ሎተሪ ነው።

እማዬ በየቀኑ «ተሠራ?» ትለኛለች። ታቦር አካባቢ የሚሠራ ዎክማን ያለው ሰው ካለ ለአንድ ከሰዓት ያውሰኝ። ሁለት ባትሪ ድንጋይ ይዤ እመጣለሁ፤ ቻርጀር እንኳ አልነካም።