ሜዳው የሚታደሰው ለማን ነው?

ልጆቻችን በዓመት ውስጥ ለጨዋታ ሰፊ ጊዜ የሚያገኙት በሐምሌና በነሐሴ ነው። የሰፈራችንን ሜዳ ጭቃ የሚውጠውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዝናቡ ይገባል፤ ዝናቡ ሲያባራ መስከረም ይጠባና ቦርሳ ይታዘላል። በመሀል ያሉትን ሁለት ወራት ብዙዎቹ የከተማ ልጆች ስልክና ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው ያሳልፏቸዋል። እኛም «ምን አለበት ወጣ ብላችሁ ብትጫወቱ!» እያልን እንቆጣለን። ወጥተው የት እንደሚጫወቱ ግን እምብዛም አንጠይቅም። የዚህ ወር ጽሑፌ ስለዚሁ «የት» ነው።

አዲስ አበባ በፍጥነት እያደገች ነው። ትናንት ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገን የጨርቅ ኳስ የለጋንባቸው ባዶ ቦታዎች ዛሬ ሕንፃ ቆሞባቸዋል። አያትም ሆነ ጀሞ፣ ሰሚትም ሆነ ሌላ ኮንዶሚኒየም ብትሄዱ ልጆች በቆሙ መኪኖች መካከል ይጫወታሉ፤ ኳሷ መስታወት በነካች ቁጥር ጨዋታው በጩኸት ይቋረጣል። በሌላ በኩል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ፣ በተለይም የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ በኋላ፣ በሽቦ የታጠሩና ሰው ሠራሽ ሳር የለበሱ ትንንሽ ሜዳዎች በየሰፈሩ ብቅ ብቅ እያሉ ነው። ይህ ደስ ይላል። የነበረ ሜዳ ሲታደስ ወይም አዲስ ሲሠራ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

እኔ በሙያዬ የግብይት ባለሙያ ነኝ። በእኛ ሥራ አንድ ዕቃ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት «ተጠቃሚው ማን ነው? መቼ ይጠቀምበታል? የማይገዛውስ ለምን አይገዛውም?» ይባላል። ሜዳም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሥራው የሚጀምረው ከንድፍ ሳይሆን ከቆጠራ ነው። አንድ ሰው ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ለአንድ ሳምንት ሜዳው ዳር ቢቀመጥ በቂ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሯጮችና በሐኪም ምክር የሚራመዱ አዛውንቶች ይመጣሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ዩኒፎርማቸውን ያላወለቁ ተማሪዎች ይወርሩታል። ማታ ከሥራ የወጡ ጎልማሶች በፓውዛ ብርሃን ይጫወታሉ። እሑድ ጠዋት ደግሞ የሰፈር የጤና ቡድን አለ። ቆጠራው ሲያልቅ ደብተሩ ላይ ስማቸው ያልተጻፈው እነማን እንደሆኑ መታየት አለበት። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከ10 ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ልጆች።

በቅርቡ በሰፈራችን ስለ ሜዳ ዕድሳት በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ስለ አጥሩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ተመልካች መቀመጫው ብዙ ተባለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና «የእኔ ልጅ ኳስ አትጫወትም። ለእሷ እዚያ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ «እናቴ፣ እንዳትመጣ እኮ የከለከላት የለም» አላቸው። እሳቸውም «የከለከላት የለም፤ የጠራትም የለም» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ስብሰባ ይዤው የወጣሁት ይህንኑ ነው።

ነገሩ የእኒህ እናት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ድርጅቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ዓለም አቀፍ ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ታዳጊዎች 81 በመቶው ይህን አያሟሉም፤ ከሴቶቹ 85 በመቶ፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ። አብዛኛው ልጅ አይንቀሳቀስም፣ ሴቶቹ ደግሞ ይብሳሉ ማለት ነው።

የኦስትሪያዋ ዋና ከተማ ቪየና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ አጥንታ ነበር። ሴት ልጆች ዘጠኝና አሥር ዓመት ሲያልፋቸው ከመናፈሻዎችና ከመጫወቻ ሜዳዎች እየቀሩ መሄዳቸው ታወቀ፤ ወንዶቹ ግን አልቀነሱም። ምክንያቱ ክፍት የሆነው አንድ ትልቅ ሜዳ ቁጥራቸው በበዛና ድምፃቸው በጎላ ልጆች መያዙ ነበር። ከተማዋ በሁለት መናፈሻዎች ሙከራ አደረገች። የመረብ ኳስና የባድሜንተን ቦታ ጨመረች፣ የእግር መንገዶችን አሻሻለች፣ ሰፊውን ክፍት ቦታ በአትክልት ከፋፈለች። ሴቶቹ ተመለሱ፤ ወንዶቹም አልተባረሩም። ወጪው ስታዲየም የሚያሠራ አልነበረም፤ የቦታ አከፋፈል ለውጥ ነው።

ይህን ወደ እኛ ሰፈር አምጥተን እናስላው። ለትልቅ ውድድር የሚመከረው የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው፤ ከ7 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15፣ የመረብ ኳስ 18 በ9 ሜትር ብቻ ይፈልጋሉ። አምስት ለአምስት የሚጫወቱበት ትንሽ የእግር ኳስ ሜዳ 40 በ20 ይበቃዋል። በአንዱ ትልቅ ሜዳ ቦታ ላይ ሁለት ትንንሽ የእግር ኳስ ሜዳ፣ አንድ የቅርጫት ኳስና አንድ የመረብ ኳስ ሜዳ ዙሪያቸውን ክፍት ቦታ እየተዉ አስቀምጦ ለሕፃናት ዥዋዥዌና ለጥላ ዛፍ የሚሆን ቦታ ይተርፋል። ትልቁን ሜዳ እንዳለ ማቆየት የሚፈልግ ሰፈር ደግሞ ዳር ዳሩን መራመጃ ቢሠራለት አንዱ ዙር 350 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሦስት ዙር ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው ወላጆቻችን ከመኪና መንገድ የራቀ ይህን ያህል መራመጃ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጭቃው እንመለስ። በጀት ሲመደብ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚሄደው ዓይን ወደሚያየው ነገር ነው፤ ወደ በር፣ ወደ ቀለም፣ ወደ መቀመጫ። ልጆቻችን በክረምት መጫወት አለመጫወታቸውን የሚወስነው ግን ከመሬት በታች ያለው ሥራ ነው። ሜዳ ድስት ሆኖ መሠራት የለበትም። 60 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ መሀሉ ከዳሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ውሃው በሁለቱም ጎን ይወርዳል፤ ዓይን ግን ቁልቁለቱን አያስተውለውም። ዙሪያውን ቦይ ያስፈልገዋል፣ ቦዩም መውጫ ያስፈልገዋል። መውጫ የሌለው ቦይ ውሃውን ከሜዳው ወደ ጎረቤት ግቢ ከማዛወር ያለፈ ጥቅም የለውም። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቦዩን የሚጠርግ ሰው ከሌለም በሐምሌ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ እናገኘዋለን።

ሳሩስ? ብዙ ሰው «ሰው ሠራሽ ይሁን» ይላል፤ ምክንያትም አለው። የተፈጥሮ ሳር ዕረፍት ይፈልጋል፤ በበጋ ውሃ ይጠጣል፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚረገጥ የሰፈር ሜዳ ላይ ብዙ አይቆይም። ሰው ሠራሹ ይህን ጫና ይችላል። ነገር ግን «አንዴ ከተነጠፈ አለቀ» የሚባለው ትክክል አይደለም። ዕድሜው ከ8 እስከ 10 ዓመት አካባቢ ነው፤ መጠረግ፣ መበጠር፣ ስፌቱ ሲለቅ መጠገን አለበት። በበጋ ቀትር ላይ ከተፈጥሮ ሳር እጅግ ይግላል፤ በባዶ እግሩ የሮጠበት ልጅ ያውቀዋል። በሳሩ መካከል የሚሞላው የጎማ ፍርፋሪም በጫማና በዝናብ እየተወሰደ ከአካባቢው አፈርና ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ይህ ፍርፋሪ ከስምንት ዓመት የሽግግር ጊዜ በኋላ ለሜዳ መሙያነት እንዳይሸጥ ወስኗል። ስለዚህ ሳሩ የሚነጠፍ ከሆነ አሸዋ ወይም ሌላ መሙያ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአስፋልት ወይም በኮንክሪት የሚሠራ የቅርጫትና የመረብ ኳስ ሜዳ ደግሞ ሳር የሚባል ጣጣ የለበትም፤ ዝናቡ ካባራ ብዙም ሳይቆይ ያጫውታል።

የገንዘቡ ጉዳይ ደግሞ የሁሉም ሥር ነው። የታደሱ ሜዳዎች በሰዓት ሲከራዩ እናያለን። ኪራይን አልቃወምም። የጥበቃ ደመወዝ፣ የፓውዛ መብራት፣ የመረብና የውሃ ወጪ ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት። ጥያቄው ማን በየትኛው ሰዓት ይክፈል የሚለው ነው። ደመወዝተኛው ጎልማሳ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ለመጫወት ከጓደኞቹ ጋር ቢያዋጣ አይጎዳም። ከቀኑ 10 ሰዓት በሩ ላይ የቆመው የ12 ዓመት ልጅ ግን ኪሱ ባዶ ነው። ሜዳው ከመታደሱ በፊት በነፃ ይጫወትበት የነበረው ልጅ ከዕድሳቱ በኋላ በሽቦው ቀዳዳ የሚያይ ተመልካች ከሆነ፣ ለእሱ ሜዳው ተወሰደበት እንጂ አልታደሰለትም። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ከትምህርት በኋላ ያሉት ሰዓታትና የክረምቱ ወራት ቀን ለልጆች ነፃ ይሁኑ፤ በሳምንት የተወሰኑ ሰዓታት ለሴቶች ይመደቡ፤ ሌላው ይከራይ። ፕሮግራሙ በር ላይ በትልቁ ይለጠፍ፤ ከሥሩ የወሩ ገቢና ወጪ ይጻፍ። ሳሩ 10 ዓመት የሚቆይ ከሆነም የመተኪያው ዋጋ አንድ አሥረኛ በየዓመቱ ወደ ባንክ ይግባ። ዕድር ያላት አገር ይህን ዓይነት ሒሳብ አዲስ አይሆንባትም።

ጥገናን ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል በትልቁም አይተነዋል። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን በገዛ ስታዲየሟ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አንሥታለች። በ2014 ዓ.ም. ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን አያሟሉም በማለቱ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ለመጫወት ተገደደ።

ሌላም ነገር አለ፤ የባለቤትነት ወረቀት። በከተማ ውስጥ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ባዶ ቦታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። የጊዜው ግድ ነበር። ከጥር 2013 የጥምቀት በዓል በፊት ገበያው የተነሣው ግን ጃን ሜዳ የሚፈልገው ሕዝብ ስላለው ነው፤ ጥምቀት የሚከበርበትና የአገር አቋራጭ ሩጫ ሲካሄድበት የኖረ ታሪካዊ ቦታ ነው። የሰፈራችን ትንሽ ሜዳ ይህ ስም የለውም። ስለዚህ ቢያንስ በፕላን ላይ «የስፖርት ሜዳ» ተብሎ መመዝገቡና ካርታ ያለው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ካርታ የሌለው ሜዳ ላይ የሚፈስ ገንዘብ ለሌላ ሰው ቦታ እንደማስተካከል ነው።

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። በወረዳችሁ የሜዳ ዕቅድ ካለ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ከዚያ በፊት ነው። ስትሄዱ አምስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ሜዳው ካርታ አለው ወይ? የዝናቡ ውሃ በየት በኩል ይወጣል? ልጆች በነፃ የሚጫወቱበት ሰዓት ስንት ነው? ለሴት ልጆች ምን ታስቧል? ከምረቃው ማግስት ጀምሮ የሚጠብቀውና የሚጠግነው ማን ነው፣ በየትኛው ገንዘብ? አጠገባችሁ ቅዳሜና እሑድ ተቆልፎ የሚውል የትምህርት ቤት ሜዳ ካለ ደግሞ ስድስተኛ ጨምሩ፤ የጥበቃውን ወጪ ወላጆች ብናዋጣ ይከፈትልናል ወይ? ስብሰባው ላይ ልጃችሁንም ይዛችሁ ብትሄዱ መልካም ነው፤ ምን መጫወት እንደምትፈልግ እስካሁን የጠየቃት ላይኖር ይችላል።